ራይት ፊልድ የማይችል ልጅ ቦታ ነው ላላችሁ፦ ስለ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ እናውራ

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ከሜዳ ስንመለስ ባወራነው ነገር የተነሳ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቤዝቦል ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። መኪና ውስጥ ገባና ጓንቱን እግሩ ስር ጥሎ ዝም አለ። ምን ሆንክ ስለው «ራይት ፊልድ ላይ አቆሙኝ» አለኝ፣ የሜዳው የኋላ ቀኝ ጥግ ማለት ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው አልኩት። «አባ፣ እዛ የሚያቆሙት የማይችል ልጅ ነው» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ አልተሳሳተም። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ልጅ ቀኝ ስለሆነ ጠንክሮ ሲመታ ኳሷ የምትሄደው ወደ ግራው ሜዳ ነው። ቀኙ ጥግ ኳስ አይደርስበትም። ስለዚህ አሠልጣኞቹ ገና ያልበረታውን ልጅ እዛ ይልኩታል፣ እሱም ሣር ሲነጭ ይውላል። ትልልቆቹ ጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀኝ ጥግ የሚቆመው ሰው ክንደ ብርቱ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ከዛ እስከ ሦስተኛው ቤዝ (ቤዝ ማለት ሯጩ ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ የሚረግጠው ማረፊያ ነው) መወርወር ማለት ሜዳውን ከዳር እዳር ማቋረጥ ነው።

ማታ ቁጭ ብለን ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነገርኩት። እናንተም ስሙኝ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ክሌሜንቴ ኦገስት 18 ቀን 1934 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ካሮሊና በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃ ነበር። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ጦር ይወረውር ነበር። ያ ክንድ ነው በኋላ ስንቱን ሯጭ ቤዙ ላይ ያስቀረው። በ1954 ብሩክሊን ዶጀርስ 10,000 ዶላር ጉርሻ ሰጥቶ አስፈረመው፣ ከዛ ሞንትሪያል ወዳለው የታችኛው ቡድኑ ላከው። እዛ ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ወንበር ላይ ነው። በወቅቱ በነበረው ደንብ ደግሞ ከ4,000 ዶላር በላይ ጉርሻ የተሰጠውን ልጅ ዋናው ቡድን ውስጥ ካላስቀመጥከው ሌላ ክለብ መጥቶ ሊወስድብህ ይችላል። እንዳለውም ሆነ። የሊጉ ጭራ የነበረው ፒትስበርግ ፓይሬትስ በ4,000 ዶላር ወሰደው። ከ1955 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ 18 የውድድር ዓመት እዛው ቡድን ተጫወተ። መለያው ቁጥር 21፣ ቦታው ራይት ፊልድ።

ልጄ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስሙን በደንብ ይጠሩት ነበር?» ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አሠልጣኙ የልጄን ስም መጥራት ስለከበደው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆርጦ ባሳጠረው ስም ነው የሚጠራው። ክሌሜንቴንም እንደዛ ነው ያደረጉት። ሬዲዮው «ቦብ» ይለዋል፣ ጋዜጣው «ቦቢ» ይለዋል፣ ልጆች የሚሰበስቡት የፎቶ ካርድ ላይ እንኳ እስከ 1969 ድረስ «ቦብ ክሌሜንቴ» ተብሎ ይታተም ነበር። እሱ ደግሞ በጠየቁት ቁጥር ሮቤርቶ ነኝ ይላል። ይሄን ስነግረው ልጄ ከተጋደመበት ተነስቶ ቁጭ አለ።

ስለዚህ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለልጄ አነብለታለሁ።

የቦሌ ልጅ

ወንድሜ ደስ የሚል ነገር ነው የጻፍከው። እኔ ግን አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ቤዝቦል ሁለቴ ልየው ብዬ ሁለቴም አልገባኝም። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይስታል፣ የቀረው ቆሞ ያያል። እነዚህ ከኋላ የሚቆሙት ሰዎች ሥራቸው ምንድነው? ኳስ ማቀበል ነው?

ቁጥር ወዳጅ

@የቦሌ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም እዚህ አገር ስመጣ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከኋላ ሦስት ሰው ይቆማል፦ ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ። አውትፊልደር የሚባሉት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው የተመታችውን ኳስ መሬት ሳትነካ መቅለብ ነው። ከቀለብካት መቺው ወጣ። ሁለተኛው ሥራ ነው ውበቱ። ኳሷ በአየር ላይ ከተያዘች በኋላ ቤዝ ላይ የቆመው ሯጭ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ቤዝ መሮጥ ይችላል። እንግዲህ እሽቅድምድም ነው። እሱ በእግሩ፣ አንተ በክንድህ። አውትፊልደሩ ክንዱ የታወቀ ከሆነ ሯጩ ከነጭራሹ አይነሳም። ስለዚህ የጎበዝ አውትፊልደር ትልቁ ሥራው መዝገብ ላይ የማይሰፍረው ነው፣ ፈርተው የቀሩት ሰዎች አይቆጠሩም።

የተቆጠረውን ልንገርህ። ክሌሜንቴ በሕይወቱ 266 ጊዜ ወርውሮ ሯጭ በማስወጣት ተሳትፏል። በ1961 ብቻ 27 ጊዜ። ለመከላከል ብቃት የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት ከ1961 እስከ 1972 በተከታታይ 12 ዓመት ወሰደ። በዱላውም አራት ጊዜ የሊጉ ቀዳሚ መቺ ሆኗል፦ 1961፣ 1964፣ 1965፣ 1967። የሕይወት ዘመን አማካዩ .317 ነው። ይሄ ማለት ከሺህ ሙከራ 317ቱን መትቶ በሰላም ቤዝ ደርሷል። ትንሽ ይመስላል አይደል? በዚህ ጨዋታ ከአሥሩ ሦስቱን የሚመታ ሰው ትልቅ ሰው ነው።

አንድ ውርወራ ግን ማየት አለብህ። የ1971 የዓለም ተከታታይ (ወርልድ ሲሪስ፣ የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) ሁለተኛው ጨዋታ፣ ባልቲሞር። ኳሷ ወደ ቀኙ መስመር ከፍ ብላ ትሄዳለች። ክሌሜንቴ ወደ አጥሩ እየሮጠ ይይዛታል፣ ሰውነቱ ፊቱን ወደ ውጭ እንዳዞረ ነው። ቆሞ ማነጣጠሪያ ጊዜ የለውም። በአንድ እግሩ ይሽከረከርና ይለቃታል። ኳሷ ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ትደርሳለች። ሯጩ ለጥቂት ነው የተረፈው። መዝገብ ላይ ምንም የለም፣ ሰውየው ደርሷል። ያዩት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ የሚያወሩት ያንን ነው።

ጋሽ ፒትስበርግ

ልጆች እንደምን ከረማችሁ። እኔ ፒትስበርግ ከገባሁ 38 ዓመት ሆነኝ። ክሌሜንቴን በአካል አልደረስኩበትም፣ ታክሲ ስነዳ ግን ስሙን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። አሮጊት ተሳፋሪ ሳይቀር «ድልድዩን ይለፉና» ስትለኝ የእሱን ድልድይ ማለቷ ነው። ከመሀል ከተማው ወደ ስታዲየሙ የሚያሻግረው ድልድይ በስሙ ነው የተሰየመው። ስታዲየሙ ውስጥ የራይት ፊልድ አጥር ቁመቱ 21 ጫማ ነው፣ በመለያ ቁጥሩ ልክ የተሠራ።

የጥንቱ ሜዳ ፎርብስ ፊልድ ፈርሷል። ግን የአጥሩ ግንብ ቁራጭ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ዛሬም ቆሟል። ቀይ ጡብ ነው፣ ሐረግ ወጥቶበታል። በየዓመቱ ኦክቶበር 13 ሽማግሌዎች ወንበር ይዘው እዛ ይሰበሰቡና የ1960ውን ሰባተኛ ጨዋታ የሬዲዮ ቅጂ ከፍተው ያዳምጣሉ። ፓይሬትስ ኒውዮርክ ያንኪስን ያሸነፈበት ቀን ነው። አንድ ዓመት ሄጄ አብሬያቸው ቆምኩ። ውጤቱን ሁሉም ያውቁታል፣ ግን መጨረሻው ሲደርስ እንዳዲስ ያጨበጭባሉ።

ክሌሜንቴ በዛ ተከታታይ በሰባቱም ጨዋታ መትቷል። ሆኖም የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ጋዜጠኞች ሲመርጡ ስምንተኛ አደረጉት። አንደኛ የሆነው የራሱ ቡድን ጓደኛ ነው። ስምንተኛ! ይሄ ነገር ውስጡ ቀርቶ ኖሯል። ሽልማቱን ያገኘው በ1966 ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ1954 መጨረሻ ላይ አንድ ሰካራም ሹፌር መኪናውን ገጭቶበት ጀርባው ተጎድቶ ነበር። ዕድሜ ልኩን ያመው ነበር። ለመምታት ሲቆም አንገቱን እንዲህና እንዲያ የሚያዞረው ለዛ ነው። ሲያመው አመመኝ ይላል፣ ጋዜጦች ደግሞ ያስመስላል ይሉታል። እንግሊዝኛውንም ሲጽፉት አነጋገሩን እያጣመሙ፣ ፊደሉን እያበላሹ ነበር የሚያትሙት፣ አንባቢ እንዲስቅበት። ይሄ ሰው ታዲያ በሁለተኛ ቋንቋው እየተናገረ ነው። እነሱ በስፓኒሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችሉም።

ናታንያ

አቶ የሲልቨር ስፕሪንግ አባት፣ የስሙን ነገር ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔ እስራኤል ስገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ አንዲት ሴትዮ በደግነት አይታኝ የዕብራይስጥ ስም ሰጠችኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ከኔ ጋር የመጡ ብዙ ልጆች እንደዛ ነው የሆኑት። እናቴ ግን አንድም ቀን በአዲሱ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ሲሆነኝ ነው መታወቂያዬ ላይ ያስመለስኩት።

ስለዚህ አሠልጣኙን አነጋግረው። ቀስ ብሎ ስሙን ያስጠናው። ይችላል።

ወንጂ

አባቴ ወንጂ ሸንኮራ ነው የሠራው፣ የአገዳውን እርሻ ታሪክ ሳነብ ልቤ ወደዛ ሄደ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰውየው ጥቁርም ነው፣ ስፓኒሽ ተናጋሪም ነው። በ1955 አሜሪካ ውስጥ እንዴት ኖረ? ለሱ ሁለቱም በር ዝግ አይደለም?

ጋሽ ፒትስበርግ

የወንጂው ልጅ፣ ልክ ነህ። ሁለቱም ዝግ ነበር። ቡድኑ ከውድድሩ በፊት ልምምድ የሚያደርገው ፍሎሪዳ ነበር። ነጮቹ ተጫዋቾች ሆቴል ያድራሉ፣ ጥቁሮቹ በጥቁሮች ሰፈር ሰው ቤት። በጉዞ ላይ አውቶብሱ ምግብ ቤት ደጃፍ ይቆማል፣ ነጮቹ ወርደው ይበላሉ፣ ጥቁሮቹ አውቶብሱ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጓደኞቻቸው ናቸው ምግብ ይዘውላቸው የሚወጡት። ክሌሜንቴ እንደ ለማኝ መስኮት ላይ ተቀምጬ አልበላም አለ። ቡድኑን አስጨንቆ ለጥቁሮቹ የራሳቸው መኪና እንዲሰጣቸው አደረገ። በራሳቸው መንገድ ሄደው፣ በሚቀበላቸው ቤት ወርደው እንዲበሉ።

በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ደግሞ የፓይሬትስ ጥቁር ተጫዋቾች እሱ ሳይቀበር አንጫወትም አሉ። ከመሪዎቹ አንዱ ክሌሜንቴ ነበር። የውድድሩ መክፈቻ ተራዘመ። ከዛ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1971 ፓይሬትስ ዘጠኙም ጥቁርና ላቲኖ የሆኑ ተጫዋቾችን አሰልፎ ገባ። በትልቁ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ቀን ክሌሜንቴ ቆሞ የነበረው የት መሰላችሁ? ራይት ፊልድ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። የአውቶብሱን ነገር ለልጄ ሳነብለት «እሱስ ራበው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እኔ በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ያው የ1971 ዋንጫ። ክሌሜንቴ 37 ዓመቱ ነው። በሰባቱም ጨዋታ መትቷል፣ አማካዩ .414። በመጨረሻው ጨዋታ ሆም ራን መታ (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚገባበት ምት ነው)፣ ፓይሬትስ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ የውድድሩ ኮከብ እሱ ሆነ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው ሻምፓኝ ይራጫል። ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን አስጠጋው። አገር በሙሉ በቴሌቪዥን ያያል። ክሌሜንቴ በእንግሊዝኛ ከመመለሱ በፊት አንዴ ፍቀዱልኝ ብሎ በስፓኒሽ ተናገረ። ለልጆቹ ቡራኬውን ላከ። ከዛ አባትና እናቱን በሕይወቴ ትልቁ ቀን ነውና መርቁኝ አላቸው።

መርቁኝ ነው ያለው። እኔ ይሄን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደጋግሜ ነው ያየሁት። የ37 ዓመት ሰው፣ ሦስት ልጅ ወልዶ፣ ዓለም እያጨበጨበለት፣ የእናት የአባቱን ምርቃት ይለምናል። ያሾፉበትን ቋንቋውን ይዞ፣ አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ። የኛን ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

እመ ሦስት

እኔ ሌላ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። ሁላችሁም ስለ አሟሟቱ ዝም ብላችኋል። እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ያ ሰው ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ሚስቱንና ሦስት ትንንሽ ልጆቹን ትቶ በተበላሸ አውሮፕላን ነው የወጣው። ጀግና ነው እሺ። ግን ሚስቱስ? እርዳታውን መላክ አንድ ነገር ነው፣ ራስን መጫን ሌላ ነገር ነው።

ቁጥር ወዳጅ

እህቴ እመ ሦስት፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ለምን ራሱ እንደሄደ እንይ።

የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በዲሴምበር 23 ቀን 1972 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ክሌሜንቴ እዛ ከተማ ከጥቂት ሳምንት በፊት ነበር፣ የፖርቶ ሪኮን አማተር ቡድን ይዞ ለውድድር ሄዶ። የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው የሞቱት። ወዲያው እርዳታ ማሰባሰብ ጀመረ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፣ ከቤት ቤት ሄደ። ምግብና መድኃኒት ላከ። ከዛ የላከው ነገር ለተጎዳው ሕዝብ ሳይደርስ የአገሪቱ አምባገነን የሶሞሳ ወታደሮች እጅ ይገባል የሚል ወሬ መጣ። እኔ ራሴ ካለሁ አይነኩትም ብሎ ነው የወጣው። ስሙን ነው መከላከያ ያደረገው።

አውሮፕላኑ አሮጌ ዲሲ 7 ነበር። ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ዲሴምበር 31 ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከሳን ሁዋን ተነሳ፣ ወዲያው ባሕር ውስጥ ወደቀ። አምስት ሰው ነበረበት። የክሌሜንቴ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እመ ሦስት

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የወታደሮቹን ነገር አላውቅም ነበር። እርዳታ መንገድ ላይ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለኛ ሰው አይነገርም። አሁንም ግን አልሄደ እላለሁ። ሚስቱን እያሰብኩ ነው የማድረው።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

እህቴ እኔም አልሄደ እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን።

የቡድኑ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ማኒ ሳንጊየን የሚባል ፓናማዊ ነበር። የቅርብ ጓደኛው ነው። ፖርቶ ሪኮ ላይ የመታሰቢያ ጸሎት ሲደረግ የቡድኑ ሰዎች በሙሉ ተገኙ፣ ሳንጊየን ብቻ ቀረ። ባሕር ውስጥ ነበር። ከጠላቂዎቹ ጋር እየሰመጠ ጓደኛውን ይፈልግ ነበር። ሬሳ ሳይገኝ መቅረት ለኛ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የቦሌ ልጅ

አሁን ገባኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ የ1971ዱን ውርወራ እያየሁ ነው። አንዴ ከያዘበት ቦታ እስከ ሦስተኛው ቤዝ ስንት ሜትር ይሆናል ብዬ በጣቴ ለካሁ። 3,000 የሚሉት ነገር ምንድነው ግን? ሁሉም ቦታ ተጽፏል።

ቁጥር ወዳጅ

መትቶ በሰላም ቤዝ የደረሰበት ብዛት ነው። እስከ ዛሬም እዛ የደረሰ ሰው ጥቂት ነው። በሴፕቴምበር 29 ቀን 1972 አንድ ኳስ መታ፣ ሕዝቡ 3,000 ሞላ ብሎ ተነሳ፣ የጨዋታው መዝጋቢ ግን የተከላካይ ስሕተት ነው ብሎ መዘገበበት። ክሌሜንቴ ተናደደ። በማግስቱ ከኒውዮርክ ሜትስ ጆን ማትላክ ላይ ንጹሕ አድርጎ መታና ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አነሳ። ከዛ በኋላ በመደበኛው ውድድር ሌላ አልመታም። ልክ 3,000። አንድ አልጨመረ፣ አንድ አልጎደለ።

ታላላቅ ተጫዋቾች ወደሚዘከሩበት የቤዝቦል ዝና አዳራሽ ለመግባት ተጫዋች ካቆመ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ለሱ ደንቡ ተነሳለትና በ1973 ልዩ ምርጫ ተደረገ፣ ከ424 ድምፅ 393 አገኘ። ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው። ሊጉ በየዓመቱ ለሰው ለሚደርስ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማትም በስሙ ይጠራል።

@የሲልቨር ስፕሪንግ አባት ለልጁ የ1956ቱን ደግሞ ንገረው። ጁላይ 25፣ ከቺካጎ ከብስ ጋር። መጨረሻው ዙር፣ ፓይሬትስ 8 ለ 5 እየተመራ፣ ቤዞቹ ሦስቱም ሰው አለባቸው። ክሌሜንቴ የመጀመሪያዋን ኳስ አጥሩ ድረስ ላካት። ሦስቱ ገቡ፣ 8 ለ 8። አሠልጣኙ ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ቁም አለው። አልቆመም። አልፎት ሮጦ ገባ። 9 ለ 8።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከሜዳ መልስ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አሠልጣኙን ወደ ጎን ጠርቼ አነጋገርኩት። ስሙን አምስት ጊዜ አስደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ተስተካከለለት። መልካም ሰው ነው፣ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር።

ልጄን አሁንም ራይት ፊልድ ላይ አቆመው። አራት ዙር ኳስ አልመጣም። አምስተኛው ላይ አንድ ግራኝ ልጅ መጣና መሬት ለመሬት ወደሱ ላካት። ልጄ ሮጦ ጎንበስ አለ፣ አንዴ ከጓንቱ አመለጠችው፣ አነሳት፣ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ወረወራት። ሁለት ጊዜ ነጥራ ደረሰች። ሯጩ ደርሶ ነበር። ልጄ ግን ወዲያው ዞሮ ያየው እኔን ነው።

ማታ ሲተኛ ፒትስበርግ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። አራት ሰዓት ተኩል አልኩት።

ጋሽ ፒትስበርግ

ትምህርት ሲዘጋ ይዘኸው ና። ሆቴል እንዳትይዝ፣ ቤቴ ሰፊ ነው። ቲኬቱን በራይት ፊልድ በኩል ቁረጥ፣ አጥሩ ሥር። ከጨዋታው በፊት ድልድዩን በእግራችን እንሻገራለን፣ በማግስቱ የጡቡን ግንብ አሳየዋለሁ። ጓንቱን እንዳይረሳ።